የአማቴ እግርና የዓርቡ ጨዋታ

ሁለት ነገር በደንብ እችላለሁ፤ ስለ ሁለቱም ስናገር አላፍርም። አንደኛው ቁስል ማከም ነው። ሌላው ደግሞ የብረት ኳስ ወርውሬ፣ ስምንት ሜትር ርቆ የተቀመጠ የሌላ ሰው ኳስ አናቱን ብዬ ማባረር ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ደመወዝም ይከፈለኛል። ሁለተኛውን ያስተማሩኝ የባሌ አባት ናቸው። ደመወዝ የለውም፤ ትከሻዬን ያሳምመኛል፣ ከባሌም ያጣላኛል። ግን ከሁለቱ አንዱን ተዪ ብባል የትኛውን እንደምተው እንጃ።

ጅቡቲ የገባሁት በድሮው ባቡር፣ ከድሬዳዋ ተነስቼ፣ የሰርጌ ሂና ከእጄ ላይ ሳይለቅ ነው። ባሌ ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ይሠራል። ከአዲስ አበባ ለሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ወረቀት ሲያስጨርስ ይውላል፤ ስልኩ ምሳ ላይም አያርፍም። አባቱ፣ ማለትም አማቴ፣ ዕድሜያቸውን በባቡር መካኒክነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ስላረፉ፣ ጋቦዴ ሰፈር በተከራየነው ቤት ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ፈረንሳይኛም ሶማልኛም አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ሲናደዱ ግን አማርኛ ብቻ ነው የሚወጣቸው። አብረን በኖርንባቸው ዓመታት አማርኛቸውን በደንብ ጠግቤያለሁ።

እኔ የምሠራው በሆስፒታሉ የቁስል ክፍል ነበር። በዚህ ከተማ ሶማሌውም፣ አፋሩም፣ እኛም “ፓንስማን” ነው የምንለው። ቁስል የሚታጠብበትና የሚታሰርበት ክፍል ማለት ነው። ወደ የመን ለመሻገር በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው የሚመጡ የአገሬ ልጆች ሁሉ ወደ እኔ ይላካሉ። ሐኪሞቹ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ሲሰሙ፣ “ወደ ኢትዮጵያዊቷ ውሰዱት” ይላሉ፣ እኔም እቀበላለሁ። የልጁን እግር ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከቆዳው ጋር የተጣበቀውን ካልሲ በጨው ውኃ እያራስኩ ስገፍፍ፣

“እህቴ፣ ለነገ ጫማ ማድረግ እችላለሁ?” ይለኛል።

“ጫማ? ከሳምንት በፊት ከአልጋ ብትወርድ ከእኔ ጋር ነው የምትጣላው!”

“እሺ እህቴ።”

በማግስቱ አልጋው ባዶ ነው። ስንቱን እንዲህ አሽጌ ሸኘሁ! አንዳንዴ ይቆጨኛል፣ አንዳንዴም ንዴቴ ይመጣል፤ የደከምኩበት እግር መልሶ በረሃ ሲገባ ማን ደስ ይለዋል? ያም ሆኖ ሥራው የሰውን ውስጥ እግር አይቶ ብዙ ነገር ማወቅን አስተማረኝ።

ጨዋታው ፔታንክ ይባላል። ፈረንሳዮች ይዘውት የመጡት ነው። የባቡር ሠራተኞች ድሬዳዋም ሆነ ጅቡቲ ሲጫወቱት ኖረዋል። በመጀመሪያ አንዲት ትንሽ የእንጨት ኳስ ትወረወራለች። ከዚያ ተጫዋቹ መሬት ላይ በተሰመረ ክብ ውስጥ ሁለት እግሩን ተክሎ፣ የብረት ኳሱን ወደ እሷ ለማስጠጋት ይወረውራል። ይበልጥ ያስጠጋ ነጥብ ያገኛል፤ አሥራ ሦስት የሞላለት ያሸንፋል። ፈረንሳዮች የእንጨቷን ኳስ “የአሳማ ግልገል” ነው የሚሏት። አማቴ ግን አሳማን በስሙ መጥራት ስለሚቀፋቸው “ትንሿ” ይሏታል።

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ቤት ውስጥ ተቀምጬ በነበረበት ጊዜ ነው አማቴ፣ “ነይ ውጪ፣ ንፋስ ይምታሽ” ብለው ሜዳ የወሰዱኝ። ባሌ ጨዋታውን አይወድም። ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ጋደም ማለት ይመርጣል። ሜዳው ላይ ጡረተኞቹ ሲጫወቱ አየሁ፣ አየሁና ሰለቸኝ። “ዝም ብላችሁ ለምን አትመቷትም?” አልኩ። ሳቁብኝ። አማቴ አንድ ኳስ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ወረወርኩ፤ የአንዱ ጡረተኛ ኳስ ተስፈንጥራ አጥሩ ሥር ገባች። “ዕድል ነው” አለ አንዱ። ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ማንም ዕድል ነው አላለም።

ከዚያ ወዲያ ጥንድ ሆንን። አማቴ የሚያስጠጉ፣ እኔ የምመታ። እሳቸው ኳሷን ሲለቁ፣ ተኝቶ የሚተነፍስ ሕፃን አጠገብ ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነው። እኔ ደግሞ የተቀመጠውን ሁሉ እበትናለሁ። ፀባያችንም እንደዚያው ነበር፤ አንድ ቤት ውስጥ ሳንጣላ ያኖረንም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

እንዴት እንደማዳርሰው የሚጠይቁኝ ብዙ ነበሩ። ጠዋት ሆስፒታል ነኝ። እኩለ ቀን ላይ ከተማው ለጫትና ለእንቅልፍ ሲዘጋ እኔ ልጆቼን አበላለሁ፣ የቤት ሥራቸውን አያለሁ። ፀሐይ ስትበርድ ከአማቴ ጋር ሜዳ እንወርዳለን። በሆስፒታሉ ከክርስቲያኖቹ ነርሶች አንዷ ስለሆንኩ ለኢድ ሁልጊዜ እኔ እገባለሁ። በምላሹ ሙስሊሞቹ ባልደረቦቼ ውድድር ያለባቸውን ዓርቦቼን፣ ገናዬንና ፋሲካዬን ይሸፍኑልኛል። አለቆቻችን የማያውቁት፣ ማንም ወረቀት ላይ ያላሰፈረው ስምምነት ነው። አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም። ጎረቤቶቼ፣ “የሰው ሚስት ከሽማግሌዎች ጋር አፈር ላይ ብረት ስትወረውር!” ብለው አምተውኛል። በኳስ መምታት ውድድር ብቻዬን ያገኘሁትን ዋንጫ መስኮት ላይ አስቀመጥኩላቸው። ባሌም ያጉረመርም ነበር፤ ግን ሾፌሮች ፊት፣ “የኔ ሚስት አትስትም” ሲል ጆሮዬ ሰምቷል።

አሁን የምነግራችሁ አዲሱ ባቡር ናጋድ ጣቢያ መግባት ከመጀመሩ ጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መካከል የጥንድ ውድድር ተዘጋጀ። የሆስፒታሉ ሰዎች ከአንድ ወንድ ነርስ ጋር እንድሰለፍ ፈልገው ነበር። “ጥንዴ አማቴ ናቸው” አልኩና ከባቡር ጡረተኞች ጋር ተመዘገብኩ። ወበቁ በጀመረበት ወር እየጠረግን መጥተን ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። ለአማቴ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በወጣትነታቸውም ፍጻሜ ተጫውተው አያውቁም።

አማቴ አንድ ልማድ ነበራቸው። ወደ ክቡ ሲገቡ ሰንደላቸውን ያወልቃሉ። “ጫማ ከመሬት ያለያያል” ይላሉ። በጅቡቲ ሙቀት አፈሩ እስከ ማምሻው ድረስ ምጣድ ነው። ድሮ ሲጫወቱ፣ ኳሷን ለቀው ወዲያው እየዘለሉ ሲወጡ እኛም እንስቅ ነበር። በዚያ ዓመት ግን መዝለሉ ቀረ። ክቡ ውስጥ ቆመው ያስባሉ፣ ያነጣጥራሉ፣ ፊታቸው ላይ አንዲት መስመር አትንቀሳቀስም። ሜዳው በሙሉ ተደነቀ። “ብረት ናቸው! ልብ ካለ እንዲህ ነው!” ተባለ። ወጣቶቹ እንደሳቸው ካልቆምን ብለው ጫማ ማውለቅ ጀመሩ።

ማክሰኞ፣ ግማሽ ፍጻሜው ላይ፣ ከወደብ የመጡ ሁለት ጎረምሶች ነበሩ ተጋጣሚዎቻችን። አንደኛው አማቴን አይቶ ጫማውን ወረወረና ክቡ ውስጥ ገባ። ኳሷን ሳይለቅ “ዋይ!” ብሎ በአንድ እግሩ እየዘለለ ወጣ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ግን አፌ ላይ ቀረ። አማቴ ተራቸው ደርሶ ገቡ። ጎረምሳው ያልቻለው መሬት ላይ ቆሙ፣ ቆዩ፣ ወረወሩ፣ ወጡ። ቀኝ እግራቸው ካረፈበት ቦታ አፈሩ ላይ እርጥብ ነጠብጣብ ቀረ። ላብ እንዲያ አይጠቁርም። እኔ ደግሞ ሥራዬ እግር ነው።

ስኳር እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ክኒናቸውን የምሰጣቸውም እኔ ነኝ። ስኳር እግርን የሚበላው መጀመሪያ ስሜቱን ገድሎ ነው። እሾህ ቢገባ፣ እሳት ቢነካ፣ ባለቤቱ አይሰማም። ሜዳው በሙሉ ጀግንነት ነው ብሎ ያጨበጨበለት ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ጨዋታውን በንዴት ጨረስኩት፤ የቀሩኝን ኳሶች አንዷንም ሳልስት መታሁ። ፍጻሜ ገባን። ፍጻሜው ለዓርብ ተቀጠረ።

ቤት ስንገባ፣ “አባባ፣ እግርዎን ያሳዩኝ” አልኳቸው።

“እግሬ ምን ሆነ? ሂጂ ወዲያ፣ ሻይ አፍይ።”

ሦስት ጓደኞቻቸው፣ የባቡር ጡረተኞች፣ ደስታውን ሊካፈሉ ተከትለውን መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል። ሻይ ሰጠኋቸው። ከዚያ ሳፋና ለብ ያለ ውኃ ይዤ መጣሁ፣ አማቴ እግር ሥር ተንበረከኩና እንግዶቹ እየሰሙ፣ “ለዚህ ያበቁኝ አባቴ ናቸው፤ እንደ አገራችን ደንብ እግራቸውን አጥቤ ልመረቅ” አልኩ።

“እሰይ! እንዲህ ያለች ምራት ማን አለው?” አሉ እንግዶቹ። አንዱማ እንባቸው መጣ።

አማቴ ሞኝ አይደሉም። ቁልቁል አዩኝ፤ ገብቷቸዋል። ግን ሰው ፊት ምራቱ እግሩን ልጠብ ብላ ተንበርክካ፣ አይሆንም የሚል ሽማግሌ ከወዴት ይመጣል? ግራ እግራቸውን ሰጡኝ፤ ደህና ነበር። ቀኙን አንስቼ ውኃ ውስጥ ስከተው ጣቴ ፕላስተር ነካ። ከአውራ ጣታቸው ሥር ተለጥፏል። ፈታ አድርጌ ቀስ ብዬ ሳነሳው ውኃው ደፈረሰ፣ ሽታውም አፍንጫዬን መታው። አውራ ጣቴ የሚገባበት ጉድጓድ ነበር። መቅላቱ ደግሞ በእግራቸው ላይ ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ጉዞ ጀምሯል። በእጄ ጫን አልኩት። ሻያቸውን ፉት ብለው ከጓደኛቸው ጋር ስለ ኳስ ማውራታቸውን ቀጠሉ።

እግራቸውን በፎጣ ጠቅልዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እሳቸውም ጥርሳቸውን ነክሰው መረቁኝ።

እንግዶቹ ሲወጡ፣ “ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኩ።

“ጠጠር ወግታኝ ነው። ምንም አያመኝም።”

“እሱ ነው የሚያስፈራኝ አባባ! ነገ ጠዋት ሆስፒታል እንገባለን።”

“ቅዳሜ እገባለሁ። ዓርብ ፍጻሜ ነው።”

“ነገ ነው የምንገባው።”

ባሌን አየሁት። “እስከ ዓርብ ምን ይሆናል? ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቃት የነበረች ጨዋታ ናት” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እጁን ይዤ ጓዳ አስገባሁትና የተጠቀለለውን ፕላስተር አስሸተትኩት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም።

ረቡዕ ጠዋት ሐኪሙ እግሩን አየ፣ የሞተውን ሥጋ ቆርጦ አጸዳ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዝዞ አስተኛቸው። ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ መቅላቱ የደረሰበትን ቦታ ዙሪያውን በሰማያዊ አሰመረ። አማቴ ፈረንሳይኛ ስለሚያውቁ፣ እንዳይሰሙት እኔንና ባሌን ወደ ኮሪደር ጠራን።

“ማዳም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ” አለኝ። “መቅላቱ ከመስመሩ ከተመለሰ እግሩ ተረፈ። መስመሩን አልፎ ከወጣ ግን አልጠብቅም፤ ከዚህ ነው የምቆርጠው።” በእጁ የራሱን ባት፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ አሳየን። “ዓርብ ማታ እወስናለሁ።”

ባሌ ግድግዳውን ተደገፈ። “እንዳትነግሪው” አለኝ።

“የራሳቸው እግር ነው!”

“ለሽማግሌ ሰው እግርህ ሊቆረጥ ነው ይባላል እንዴ? በድንጋጤ ብቻ ይሞትብናል። ካልቀረለት ሽማግሌዎች ይዘን እንነግረዋለን። እስከዚያ ግን በእናትሽ!”

በሥራዬ ለበሽተኛ መሸሸግ አልወድም፤ ስንቱን ቤተሰብ በዚህ ነገር ተቆጥቻለሁ። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነገርም፤ እኔም ከዚያው ቤት ነው የወጣሁት። ባሌ እንዲህ ሲለምነኝ ደግሞ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። “ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ግን ማወቅ አለባቸው” አልኩና እሺ አልኩ።

ዋጋዬን ያገኘሁት ወዲያው ነው። አማቴ የሚያውቁት ምራታቸው ለአንዲት ጠጠር ብላ ከፍጻሜ እንዳስቀረቻቸው ብቻ ነበር። “ያስተማርኩሽ እኔ! ከሜዳ ያወጣሽኝ አንቺ!” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አላናገሩኝም። ውኃ ሲፈልጉ አጠገባቸው ቆሜ ለባሌ፣ “ለዚያች ነርስ ንገራት” ይሉታል። ፋሻውን ስፈታ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አላውቅበትም፤ የሚሰድበኝን ሰው ሳልመልስለት የቀረሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ያን ጊዜ ምላሴን ነከስኩ። ማብራሪያው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሁለት ቃል ብናገር ይቅርታ የሚጠይቁኝ እሳቸው ነበሩ። ሐሙስ ፋሻውን ስፈታ መቅላቱ ሰማያዊውን መስመር ነክቶት አገኘሁት። ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ቀጣዩን በሽተኛ አስገባሁ።

ዓርብ ሜዳ የመውጣት ሐሳብ አልነበረኝም። ጥንዴ ተኝተው ምን ልሠራ? ጠዋት ግን ባሌ ከሆስፒታል ሲመለስ መልእክት ይዞ መጣ። ያን ቀን ጫቱንም አልያዘም።

“‘ለዚያች ነርስ ንገራት’ አለኝ። ‘ደንቡ ይፈቅዳል። አንድ ሰው የጎደለው ጥንድ በያዘው ኳስ ብቻ መጫወት ይችላል። ሦስት ኳስ አላት፣ እነሱ ስድስት። ፍጻሜውን በፎርፌ ከሰጠች ቤቴ አትግባ’ አለ።”

“ቤቱ የእኛ አይደል እንዴ?”

“ይሄንንም ጨምሯል፦ ‘እንደ ልማዷ ከመጀመሪያው እንዳትመታ። ታስጠጋ።’”

ባሌ አባቱ ጋ ቀረ፣ እኔ ሦስት ኳሴን ይዤ ወጣሁ። ተጋጣሚዎቼ ከጉምሩክ የመጡ፣ የከተማው የታወቁ ጥንዶች ነበሩ። ብቻዬን ስቆም ሲያዩ ከሁለቱ በዕድሜ የሚበልጡት መጥተው ስለ አማቴ ጤና ጠየቁኝ፤ በጨዋታው ግን አልራሩልኝም፣ እኔም እንዲራሩልኝ አልፈለግሁም። መጀመሪያ ላይ እንደ ልማዴ መታሁ። አንዷን ባባርር ሁለት ይተካሉ። አራት ለባዶ መሩኝ። ያን ጊዜ ቆም አልኩና መልእክቱን ታዘዝኩ። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ እጄን ወደ ታች አውርጄ፣ አማቴ እንደሚለቁት ለቀቅኳት። ኳሷ አፈሩን እየሳመች ሄዳ ትንሿ ጎን ቆመች። እነሱ ለመምታት ኳሳቸውን ጨረሱ፤ እኔ ቀሪዎቹን አስጠግቼ ነጥቤን ሰበሰብኩ። አንድ፣ ሁለት እያልኩ አሥር ለአሥር ደረስን። የባቡር ጡረተኞቹ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል።

እስካሁን ያን ያህል በደንብ ተጫውቼ አላውቅም። በመጨረሻው ዙር ሁለት ኳሴን አስጠጋሁ፣ ሁለቱንም መቱብኝ። አንድ ቀረኝ። የእነሱ ኳስ ትንሿን ተደግፋ ቆማለች። እጄ የሚያውቀው መምታት ነው፤ መታሁ። ያች ኳስ በረረች፤ ግን ከኋላዋ ሌሎች ሦስት የእነሱ ኳሶች ነበሩ። አሥራ ሦስት ለአሥር ተሸነፍኩ። በዕድሜ የሚበልጡት የጉምሩኩ ሰውዬ መጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። አፈሩን ከልብሴ ሳላራግፍ ታክሲ ያዝኩ።

ሐኪሙ ከመምጣቱ በፊት ፋሻውን እኔ መፍታት ነበረብኝ። ባሌ አልጋው ራስጌ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቴን አይቶ ስለ ጨዋታው አልጠየቀኝም። አማቴ እንደተለመደው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። እጄን ታጠብኩ፣ ጓንት አጠለቅሁ፣ ፋሻውን ዙር በዙር ፈታሁ። የመጨረሻውን ጨርቅ አነሳሁ።

ሰማያዊው መስመር ብቻውን ነበር። በመስመሩና በመቅላቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያህል ደህና፣ የራሳቸው መልክ ያለው ቆዳ ተመልሷል። በጣቴ ጫን ጫን አድርጌ ሙቀቱን ዳሰስኩ። ቁስሉ ውስጥም ቀይ ሥጋ ብቅ ብሏል። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፤ እንባዬም አብሮ መጣ።

አማቴ ሳቄን ሲሰሙ ዘወር አሉ። አፈር የለበሰውን ልብሴንና የረጠበ ፊቴን አዩ።

“አሸነፍሽ እንዴ?” አሉ። ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

“አይ አባባ፣ ተሸንፌያለሁ። አሥራ ሦስት ለአሥር።”

“ታዲያ ተሸንፈሽ ነው እንዲህ የምትስቂው?”

ባሌን አየሁት። እሱ የአባቱን እግርና እኔን አይቶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀልኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መስመሩ ምን እንደሆነ፣ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ምን እንዳለ፣ ዛሬ ማታ ምን ሊወሰን እንደነበረ። አማቴ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ሳበቃ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ ባታቸው ላይ አሳረፉ።

“ከዚህ?”

“ከዚህ አባባ።”

እጃቸውን ከዚያ ቦታ ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ያን እጅ አንስተው አፈር የጠጣው ፀጉሬ ላይ ጫኑት።

“ደህና አድርገሽ ተሸንፈሻል፣ ልጄ” አሉ። “በይ ተቀመጪ፣ ከመጀመሪያው ኳስ ጀምረሽ ንገሪኝ።”